የቤተ መንግሥት ገበታና የላስታ ዐለት

ታኅሣሥ 29 ቀን ጎሕ ሊቀድ ሲል፣ የላስታ ብርድ በጋቢ ሥር ዘልቆ አጥንት በሚነካበት ሰዓት፣ በላሊበላ ከተማ በቤተ ማርያም ዙሪያ ያለው ዐለት ከዋዜማው ጀምሮ ነጭ በለበሱ ምእመናን ተሸፍኖ ያድርና፣ ካህናቱ ከሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ ማሜ ጋራ በሚባለው አፋፍ ላይ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ከታች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ይቆማሉ። ላይኞቹ በመላእክት፣ ታችኞቹ በእረኞች አምሳል ሆነው «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ምስጋና እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ፣ የከበሮው ድምፅ ከዐለቱ እየተጋጨ ሲመለስ፣ ከሩቅ አገር ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ የመጣው ገበሬ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲያለቅስ የተመለከተ ሰው፣ ይህ ሥፍራ በሙዚየም መስታወት ውስጥ እንደ ተቀመጠ ጥንታዊ ዕቃ የሚታይ ሳይሆን፣ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ጸሎት ያልተቋረጠበት ሕያው መቅደስ መሆኑን ሌላ አስረጅ ሳያስፈልገው ያውቃል። በዚያው ሰዓት ግን ቀና ብሎ የሚያይ ሁሉ፣ ከላይ በሚዘምሩት ካህናትና በሰማዩ መካከል በብረት ምሰሶ የተደገፈ ሰፊ መጠለያ ተንጣሎ ያገኛል፤ ለክብር እንግዶች በተለየው ስፍራም የመንግሥት ሹማምንት ተቀምጠው፣ የቴሌቪዥን መቅረጫዎች ወደ እነርሱም ወደ ካህናቱም እየዞሩ፣ በዓሉ ለቱሪዝም ስላለው ጥቅም ንግግር ይደረጋል።

ንግግሩ በየዓመቱ ይደረጋል፤ መጠለያውም በየዓመቱ እዚያው ነው። እኔን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝም በንግግሩና በመጠለያው መካከል ያለው ርቀት ነው።

ጥንተ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ቀድሞ ሮሐ ይባል በነበረው በዚህ የላስታ ከተማ የሚገኙት 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ በዛጔው ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚጠሩ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የታነጹ ሳይሆኑ ከአንድ ወጥ ዐለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈሉ የወጡ ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ከጻፈ በኋላ፣ አንባቢዎቹ እንዳያምኑት ሠግቶ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋገጠ። ዩኔስኮም በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርሶችን መዝገብ ሲከፍት በመጀመሪያ ካሰፈራቸው 12 ሥፍራዎች ሁለቱ፣ ላሊበላና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የኢትዮጵያ ነበሩ። ዓለም ሁሉ ለመመዝገብ በተሰለፈበት ጊዜ ሁለት ቦታ ይዞ በግንባር የተገኘ አገር፣ ስለ ቅርስ ጥበቃ ሌላውን ማስተማር በተገባው ነበር።

የዐለቱ ጠላት ውሃ ነው። የላስታ ዐለት ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘ፣ በየቦታው ቀዳዳና ስንጥቅ ያለበት ስለሆነ፣ የክረምቱ ዝናብ በጣራው ላይ ሰርጎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በበጋም ሲደርቅ ጨው እየተወ ገጹን ይልጠዋል፤ ስንጥቁም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። ይህን ለመከላከል የተደረገው ጥረት ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ በተደረገ እድሳት ግድግዳው በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀብቶ እርጥበቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታፈነ፤ ከ1958 እስከ 1964 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው የኢጣልያ የሕንፃ ሊቅ ከውጭ በተገኘ ርዳታ ያንኑ ቀለም በብዙ ድካም ሲያስፍቅ፣ ፍሳሹንም ሲያስተካክል ቆየ። ከዚያም ቆርቆሮ በእንጨት ላይ ተጣለ፤ በመጨረሻም በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ ዛሬ የምናያቸው አራት የብረት መጠለያዎች በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ቆሙ። ሲቆሙም ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር፤ የተባለው ጊዜ ግን አልፎ ሌላ ጊዜ ተተካ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የከተማው ሰው ብረቱ ተነቅሎ በመቅደሱ ላይ ይወድቅ ይሆን እያለ ይሰጋል፤ ሊቃውንቱም በበኩላቸው የምሰሶዎቹ ክብደት በዐለቱ ላይ፣ ከጣራው በታች የሚፈጠረው ከመጠን ያለፈ ድርቀትም በግድግዳው ላይ ጉዳት እንዳያመጣ ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ በብዙ ሺህ ሆኖ አደባባይ ወጣ፤ ጥያቄውም አባቶቻችን ያወረሱን እንዳይፈርስብን መንግሥት ይድረስልን የሚል ነበር።

መንግሥትም አልደረሰም አይባልም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥተው አዩ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ከእርሳቸው ጋር ላሊበላን ጎብኝተው፣ አገራቸው በእድሳቱ እንደምትረዳ ቃል ገቡ። የፈረንሳይ ባለሙያዎችም በተከታዮቹ ዓመታት በስፍራው ጥናትና ሥልጠና ጀምረዋል፤ ስለዚህ ምስጋናውን አልነፍግም። ነገር ግን ከዚያ ጉብኝት ሁለት ወር ያህል እንደ ቆየ፣ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት፣ በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ዳግማዊ ምኒልክ ግብር ያበሉበት በነበረው አዳራሽ «ገበታ ለሸገር» የተባለ እራት ተዘጋጀ፤ የአንድ ሰው መቀመጫ ዋጋም 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ170 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ማለት ነው። ገንዘቡ የሚውለው የአዲስ አበባን ወንዞች በ56 ኪሎ ሜትር ርዝመት ለማስዋብ ሲሆን፣ የሥራው ጠቅላላ ግምት 29 ቢሊዮን ብር ነው ተብሎ ነበር።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያሳዝን ይመስለኛል። በአንድ የበልግ ወቅት፣ የዓለም ቅርስ የሆነው የላስታ መቅደስ እንዲታደስ ወደ ባዕድ መንግሥት እጃችንን ዘረጋን፤ ለመናፈሻ ግን በአገራችን ባለጠጎች ገበታ ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር በአንድ ሌሊት ሰበሰብን። የጎደለን ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ይቀልል ነበር፤ ድህነት ነውር አይደለምና። የታየው ግን ገንዘብ መሰብሰብ የምንችል መሆናችንና፣ ለየትኛው ነገር ብለን እንደምንሰበስብ ነው።

መናፈሻን እቃወማለሁ አይባልብኝ። የአዲስ አበባ ሕፃን በዛፍ ጥላ ሥር መጫወት ይገባዋል፤ ወንዞቿም ከቆሻሻ መውረጃነት ቢድኑ ደስ ያሰኛል። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ለብዙ ዘመን ሕዝብ በአጥሩ ሥር ብቻ ያልፍበት የነበረ የቤተ መንግሥት ግቢ ለተራው ሰው በሩን መክፈቱ በጎ ሥራ ነው። በ2012 ማብቂያና በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የተከፈቱት የወዳጅነት አደባባይና የእንጦጦ ፓርክም እንዲሁ የብዙ ቤተሰብ መዝናኛ ሆነዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚከነክነኝ አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም መንግሥት አዲስ የሠራውን ሁሉ የቱሪዝም ሀብት ብሎ እየሰየመ ሲያስመርቅ፣ ሳይሠራ በውርስ ያገኘውን ግን በንግግር ብቻ ማክበሩ ነው። አዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አለው፤ የምረቃ ሪባን አለው፤ የመራቂው ስም የተቀረጸበት የዕብነ በረድ ጽላት አለው። የአሮጌ ግድግዳ ስንጥቅ ሲደፈን፣ የታፈነ የውሃ ቦይ ሲጠረግ ግን የሚመረቅ የለም፤ ሥራውም በደንብ የተሠራ እንደሆነ ማንም ሳያየው ይቀራል።

ይህ ልማድ ከከተማው አልፎ ወደ ገጠሩ የወጣው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በተነገረው «ገበታ ለሀገር» ነው። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ፣ ወንጪ ሐይቅና በደቡብ ምዕራብ ኮይሻ ተመርጠው፣ 3 ቢሊዮን ብር ይሰበሰባል ተብሎ ታቀደ፤ የአንዱ እራት መቀመጫም 10 ሚሊዮን ብር ደረሰ። በእነዚህ ቦታዎች ሎጆች ተሠሩ፤ መንገድም ተዘረጋላቸው። ቀጥሎም «ገበታ ለትውልድ» መጣ።

ከሦስቱ ጎርጎራን ልምረጥ፤ ታሪክ ያለበት አገር ስለሆነ። ከጎንደር ወደ ደቡብ ሲወርዱ ምድሩ ዝቅ እያለ፣ አየሩም እየሞቀ ሄዶ ጣና ይገለጣል። በዳርቻው የደብረ ሲና ማርያም ገዳም አለች፤ ቤተ መቅደሷ በሣር ክዳኗና በግድግዳዋ ሥዕሎች የታወቀች ናት። በአቅራቢያው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር ያሠሩት፣ ሕዝቡ ማርያም ግምብ የሚለው፣ በኖራ የታነጸ ሕንፃ ፍርስራሽ ይገኛል። ያ ሕንፃ በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ደም ስላፈሰሰ የሃይማኖት ክርክር በድንጋይ የተጻፈ ምስክር ነው፤ የጎንደር አብያተ መንግሥታት ከመታነጻቸው በፊት የነበረውን የግንብ ጥበብም እርሱ ያስተምራል። ዝናቡና የዛፍ ሥር ግን በየጊዜው እየናዱት፣ ዛሬ የቀረው ከነበረው ጥቂቱ ነው። በዚያው ሐይቅ ዳር አዲሱ ሎጅ በክብር ተመርቆ ቆሟል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም በዚያው በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ እየዘጋ ብዙ ክረምት አልፏል።

ከዚህም የበለጠ አንድ ነገር አለ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጎርጎራና ላሊበላ በሚገኙበት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ዐዋጁም ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ቆየ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገድ ተዘጋ፤ የውጭ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደዚያ እንዳይሄዱ አስጠነቀቁ። የአገሬው ሰው ከወረዳ ወደ ወረዳ ለመሻገር በሚፈራበት ክልል፣ ለሩቅ እንግዳ ያማረ ማረፊያ ተዘጋጅቷልና ኑ ብሎ መጥራት ምን ዓይነት ጥሪ ነው? እንግዳ የሚመጣው በቅድሚያ ወደ ሰላም ነው፤ ወደ አልጋው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ እነዚህ መናፈሻዎችና ሎጆች ወጪ ሒሳብ ሲጠየቅ ከመንግሥት ወገን ተደጋግሞ የሚሰጠው መልስ፣ ገንዘቡ ከበጀት የወጣ ሳይሆን በልመናና በስጦታ የተገኘ ነው የሚል ነው። መልሱን በቅን ልቡና እንመርምረው። የአንድነት ፓርክ ሥራ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ድጋፍ ነበረበት፤ የወዳጅነት አደባባይ የቻይና፤ በእራቱም ገበታ የተቀመጡት ባንኮች፣ ኩባንያዎችና ባለሀብቶች ናቸው። ነገር ግን ባንክ ፈቃዱን የሚያገኘው ከማን ነው? ነጋዴ መሬትና የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው ማንን ነው? ቁልፉን ሁሉ በእጁ የያዘ ባለሥልጣን ስጡኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰጪው እምቢ ማለት የሚችልበት ነጻነት ምን ያህል ነው? በባለሥልጣን ስም የተሰበሰበ፣ በመንግሥት መሬት ላይ የዋለ፣ በመንግሥት ሠራተኛ የታዘዘ ገንዘብ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ዋና ኦዲተር የሚባል ሹም ያቆመውም፣ እንደራሴዎችን የሰበሰበውም፣ እንዲህ ላለው ገንዘብ ሒሳብ እንዲጠየቅበት ነው። በምክር ቤት ያልተጠየቀ ገንዘብ ለምን ለማርያም ግምብ ሳይሆን ለሎጅ፣ ለምን ለላስታ ሳይሆን ለሸገር ዋለ ብሎ የሚከራከር አይኖርም፤ ክርክር በሌለበትም የአንድ ሰው ምርጫ የአገር ምርጫ ሆኖ ያልፋል።

ለእንግዳ የሚታየውን የማስቀደም በሽታ ግን ከዛሬ መንግሥት ጋር የተወለደ እንዳይመስለን። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1954 ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅቱን አቁመው፣ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ሲያሰሙ፣ ሥራቸው እውነተኛ የአገር ፍቅር ሥራ ነበር፤ አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ላሊበላን በአውሮፕላን ያገናኘው የታሪካዊ ቦታዎች ጉዞም በዚያ ዘመን ታወቀ። ዳሩ ግን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ላስታን በሚያቅፈው በወሎ ጠቅላይ ግዛት ብዙ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአገሪቱ ስም እንዳይጎድፍ ብሎ ነገሩን ሸሸገ፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በፊልም እስኪያወጣው ድረስ የውጭው ዓለም የሚያውቀው ጸጋውን እንጂ ረሃቡን አልነበረም። ደርግም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ሲያከብር፣ ያው ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሃብ ላይ ነበሩ። የኢሕአዴግ መንግሥት ደግሞ ከዓለም ባንክ በተገኘ የ35 ሚሊዮን ዶላር የቱሪዝም ልማት ብድር፣ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ አንሥቶ ኩራኩር ወደሚባለው ስፍራ አሠፈረው፤ ለቅርሱ ጥበቃ አስፈላጊ ነው ተብሎ። ክቡ የላስታ ባለ ፎቅ የድንጋይ ጎጆ ባዶውን ሲቀር፣ ከመቅደሱ ደጅ ትውልድ በትውልድ ተተክቶ የኖረው ሰው ለማስቀደስ ሩቅ መንገድ መጓዝ ግድ ሆነበት። በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» የሚል አዲስ መጠሪያ ወጣ። መንግሥታቱ በርእዮተ ዓለም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለእንግዳ የሚታየውን ፊት ከባለቤቱ ኑሮ አስቀድሞ በማሰብ ግን አልተለያዩም።

የላሊበላን ሰው ኑሮ ያየ ይህን በግልጽ ይረዳዋል። ከተማው እርሻ የለውም ማለት ይቻላል፤ እንጀራው ከእንግዳው እጅ ነው። አስጎብኚው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር የእንግዳን ጫማ የሚጠብቀው ልጅ፣ በቅሎ የሚያከራየው ገበሬ፣ መስቀል የሚቀርጸው አንጥረኛ፣ ጠጅ የምትጥለው ባልቴት ሁሉ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። የውጭ እንግዳ ለመግቢያ ይከፍለው የነበረው 50 ዶላር ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ገብቶ ካህናቱንና አገልጋዮቹን ያኖር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ። በሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የሕወሓት ኃይል ከተማይቱን ያዘ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ በመጨረሻ ወደ መንግሥት ተመለሰች፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ መብራትና ባንክ፣ ስልክና መድኃኒት ርቋት ነበር። ጥቂት ተንፈስ ባለች ማግሥት፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በመንግሥት ሠራዊትና ፋኖ በተባሉት የአማራ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ እስከ ከተማይቱ ድረስ መጣ፤ የከባድ መሣሪያ ድምፅም ዐለቱን አናወጠው። ከመቅደሱ ቅጥር አጠገብ መድፍ የሚያስተኩስ ሁሉ፣ የትኛውንም ዓርማ ያንግብ፣ ስለ ቅርስ የመናገር መብቱን በገዛ እጁ አጥቷል ብዬ አምናለሁ። በእነዚህ ዓመታት ብዙው አስጎብኚ ቋንቋውንና ታሪኩን ይዞ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ በወጣትነቱ ከካህናቱ ቃል በቃል የተማረውን የዐለቱን ታሪክ የሚነግረው ሰው አጥቷል። በዚሁ ዘመን ነው እንግዲህ ቱሪዝም ራሱን የቻለ ሚኒስቴር የተቋቋመለት፤ ቱሪዝም ከአገሪቱ የምጣኔ ሀብት ምሰሶዎች አንዱ ነው የተባለለት።

ፍትሕ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልጨምር። የጎንደር የፋሲል ግቢ በቅርብ ጊዜ እድሳት ተደርጎለታል፤ ይህም መንግሥት በፈለገ ጊዜ አሮጌውን ማንሣት እንደሚችል ያረጋግጣል። ስለዚህም ነው ሌላው ቅርስ ሳይታደስ ሲቀር ምክንያት የማልቀበለው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲባል አሮጌ ሠፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሲፈርሱ ያየ ሰው፣ አገሪቱ ቅርስን የምትጠብቀው በአንድ ወጥ ሕግ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ሕጉ ግን አለ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992ም ዝርዝሩን ደንግጓል። የቅርስ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ግን በመላ አገሪቱ ያሉትን ገዳማት፣ ግንቦች፣ የብራና መጻሕፍትና የመቃብር ሐውልቶች ጠብቅ ተብሎ ሲታዘዝ፣ የሚሰጠው ሰውና ገንዘብ ከአንድ ሎጅ ሥራ ጋር እንኳ አይወዳደርም።

ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ፣ መጠለያ ከተሠራላቸው ተለይቶ፣ እስከ ዛሬ መጠለያ ሳያስፈልገው ቆሟል፤ ዐለቱ ጠንካራ ስለሆነና ጣራው ውሃውን በቦዩ በደንብ ስለሚያወርደው ነው። ፈልፋዮቹ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የውሃውን መንገድ ዐውቀው አስተካክለዋል፤ ከእኛ የሚፈለገው ቦዮቹን በየዓመቱ መጥረግ፣ ስንጥቁን በባሕርዩ ከዐለቱ ጋር በሚስማማ ነገር መድፈን፣ ይህንንም ሥራ የሚያውቁ የላስታ ልጆችን አሠልጥኖ በቋሚ ደመወዝ መቅጠር ነው። ለዚህ እራት ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ በጀት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ በላስታም ዝናቡ የሚበረታው በዚያው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ በሰኔ ወር ምክር ቤቱ የዓመቱን በጀት ለማጽደቅ ሲሰበሰብ፣ አንድ እንደራሴ ተነሥቶ በዚህ ሰነድ ውስጥ ለላሊበላ ዐለት ጥገና የተመደበው የትኛው ገጽ ላይ ነው፣ አራቱ መጠለያዎችስ በየትኛው ዓመት ይነሣሉ ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጥ።